ነጠብጣብ ልጅ የለኝም

እትዬ ብርቅነሽ ከአራቱ ልጆቻቸው የወለዱት የትኛውን ነው?

ካረፉ ወዲህ ይህን ብዙ ሰው ጠይቆኛል። የቤተሰቡን ታሪክ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ መልሱን ይዤ የምደብቅ ይመስላቸዋል። አላውቅም። ሳይነግሩኝ ሄዱ። ለማወቅ ግን ያላደረግሁት ጥረት የለም፤ ጀምሬ ግማሽ ላይ የተውኩት ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

የሞታቸውን ዜና የሰማሁት ቶተንሃም በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የተመለሱ መጻሕፍትን ወደየመደርደሪያቸው እየመለስኩ ሳለ የመጨረሻዋ ልጃቸው ሳባ ደወለች። «እማዬ ዐረፈች» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ በእጄ የያዝኩት መጽሐፍ የት እንደሚገባ ጠፋኝ። ቁጥሩ ጀርባው ላይ አለ፤ አነበዋለሁ፤ አይገባኝም። ደረቴ ላይ አቅፌው ቆሜ ቀረሁ።

የተዋወቅነውም እዚያው ነበር። እኔ ለንደን የገባሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ቀን ቢሮ እያጸዳሁ፣ ማታ በታናናሾቼ መሀል ተቀምጬ እየተማርኩ፣ ሰው ትምህርት በሚጨርስበት ዕድሜ እኔ ጀመርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲቀጥረኝ ከዚያ ሌላ የምመኘው ቦታ አልነበረም። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ የደረቡ፣ አጠር ያሉ ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«አማርኛ ትጽፊያለሽ አሉ።»

«አዎ እማማ።»

«እማማ አትበይኝ፤ እትዬ ይበቃኛል። እንግሊዝኛውንስ?»

«እሱንም እጽፋለሁ።»

«ስሕተት አለበት?»

«የለበትም» አልኩ።

ሳቁ። «ትዕቢተኛ ነሽ። ደግ፤ ለዚህ ሥራ ትሑት ሰው አልፈልግም።»

ሥራው እንዲህ ነበር። እትዬ ብርቅነሽና ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ ከሱዳን አራት ሕፃናት ይዘው ሲመጡ የወረዳው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ያስገባቸው ኬኒንግተን፣ ቡናማ ሸክላ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። በሰፈሩ ሌላ ሐበሻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለንደን የደረሰ ስደተኛ ሁሉ የእሳቸውን አድራሻ በኪሱ ይዞ ነው የመጣው ማለት ይቻላል። በተገናኘንበት ጊዜ ያ ሕንፃ ሊፈርስ ነበር። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ በቦታው በሚሠራው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የቀደምት ቤተሰቦችን ታሪክ በሰሌዳ ሊሰቅል ወስኖ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ የዘር ሐረግ።

«ሕንፃው ከፈረሰ፣ እኔም ካለፍኩ፣ እዚህ ኖሩ ብሎ የሚመሰክር ማነው?» አሉኝ። «ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው። ደግሞ የነሱን አማርኛ ብትሰሚው።»

ታሪኩን ከወሬ አልጻፍንም። «ቤቱን ሳታይ ስለ ቤቱ አትጽፊም» ብለው፣ የኖሩባቸውን ሦስት ቤቶች በተራ ሊያሳዩኝ ተነሡ፤ ኬኒንግተንን፣ ዋይት ሲቲን፣ መጨረሻም ያን ጊዜ ያሉበትን የቶተንሃሙን። ከመሬት በታች የሚሄደውን ባቡር አይሳፈሩም። ለምን ብላቸው፣ «እዚያ ታች መውረዴ መች ይቀራል? ምን አስቸኮለኝ» አሉ። ስለዚህ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውቶቡስ፣ ሁልጊዜ ፎቅ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠን አቋረጥናት። እሳቸው ይተርካሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ጽሑፌ አብሮ ይታጠፋል።

እንጨቃጨቅ ነበር። እሳቸው «የመጀመሪያው የሐበሻ ቤተሰብ» ተብሎ ይጻፍ ይላሉ፤ እኔ ማስረጃ የለንም እላለሁ።

«ከእኛ በፊት የገባ ቢኖር የበርበሬው ሽታ ይነግረን ነበር።»

«ሽታ ማስረጃ አይሆንም እትዬ።»

«አንቺ ያን ጊዜ ያንን ደረጃ የወጣ አፍንጫ ስለሌለሽ ነው።»

በስንት ክርክር «ከመጀመሪያዎቹ አንዱ» በሚለው ተስማማን። ከዚያ በኋላ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ይቺ 'ከመጀመሪያዎቹ አንዱ' ናት» ይሉ ነበር።

ዋይት ሲቲ የሄድን ዕለት በሩን የከፈተልን አልነበረም። ጋሽ ወርቁ ያረፉት እዚያ ቤት ነው። እትዬ ብርቅነሽ ጥቂት ጠበቁና የበሩን መቃን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ የለመደች ላምን ጎን እንደሚመቱ ዓይነት። ይህን በሦስቱም ቤቶች ሲያደርጉ አይቻለሁ። ከዚያ ደጁ ላይ እንደቆሙ ቤቱን ከውጭ ሆነው አስጎበኙኝ። ያ መስኮት የልጆቹ ክፍል፣ ያኛው ወርቁ የታመመበት፣ ከዚያ ማዶ ኩሽና። የጎረቤቱ መጋረጃ ገለጥ አለና አንድ ሰውዬ በመስኮት ጮኸ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ሃይማኖት አንፈልግም ነው የሚለው። ሰባኪዎች መስለነዋል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ንገሪው፤ እኛም ልንሰጥ አልመጣንም። ያለን ለራሳችን አልበቃም።»

ጭቅጭቃችን ሁሉ እንዲህ በሳቅ ያለፈ አይደለም። ኮሚቴውን የምትመራው ማርጋሬት የምትባል ጡረታ የወጣች እንግሊዛዊት ነበረች፤ ቀና ሴት ናት። ለሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት ሥርዓት አውጥታለች። ከወላጅ ወደ ተወለደ ልጅ ደፍን መስመር፣ ወደ ማደጎ ልጅ ነጠብጣብ መስመር። ይህን ለእትዬ ብርቅነሽ ተረጎምኩላቸው። ቤታቸው ስንደርስ፣ ማንም ያልነገረኝን ያን ጊዜ ነገሩኝ።

«ከካርቱም ስድስት ሆነን ነው የተነሣነው። ከልጆቹ የወለድኩት አንድ ነው። ሌሎቹ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ወላጅ ያጡ የጓደኞቻችን ልጆች ናቸው። የስደት ወረቀቱ ላይ የአራቱም አባት ወርቁ ተብሎ ተጻፈ፤ ኬኒንግተን የገባን ቀን፣ ወንበር እንኳ ሳይኖረን፣ ማር ገዛሁ።»

የጡት ልጅ የሚባለውን ወግ ከአያቴ ሰምቼዋለሁ። ሰው የሰው ልጅ ሲያሳድግ አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ያስልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጅነቱ እንደ ሥጋ ልጅነት ነው፤ መካካድ የለም። በመጽሐፍ የሚገኝ የድሮ ነገር እንጂ ለንደን ውስጥ፣ በካውንስል ቤት፣ ተደርጎ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ሦስቱን አስላሱ» አልኳቸው።

«አራቱንም። ማን ላሰ ማን አልላሰ ተብሎ እንዳይቆጠር።»

«የትኛው ነው ታዲያ?»

«ምኑ የትኛው?»

«የወለዱት።»

«ለምን ትፈልጊዋለሽ?»

«ሰሌዳው ላይ እውነቱ መጻፍ ስላለበት» አልኩ። ያን ጊዜ ከልቤ ነው የተናገርኩት። ታሪክ ከተጻፈ በትክክል ይጻፍ፤ አለዚያ ምን ለፋን? ነጠብጣቡም ነውር አልነበረበትም።

«ነጠብጣብ ልጅ የለኝም» አሉ። ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ።

ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሡም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ በጎን ወደ ልጆቹ ሄድኩ። ትልቁ ዳዊት አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በዕረፍት ሰዓቱ አገኘሁት።

«ማሩንማ ሁላችንም እናውቃለን» አለኝ። «የተወለደችው ሳባ ትመስለኛለች። እጇን አላየሽም? የእማዬ እጅ ነው።»

ሳባን ጠየቅሁ። «ዳዊት ነዋ። እሱን ብቻ ነው እንደዚያ የምትጮህበት። ሌላ ሰው በወለደው ልጅ ላይ እንደዚያ አይጮህም፣ ኢምፖሲብል።»

መካከለኞቹ ሁለቱም እንዲሁ አሉኝ፤ እያንዳንዱ መወለዱን ለሌላው ሰጠ፤ ለራሱ ያስቀረ አንድም የለም። ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ፣ ከእነዚህ ሰዎች መሀል ነጠብጣብ ለመሥራት እርሳስ ይዤ የምዞር እኔ ማን ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በማግስቱ ቶተንሃም በራቸውን አንኳኳሁ።

«ቁልፉ ክር ላይ ነው» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ይህ አነጋገራቸው ነበር። ኬኒንግተን ሳሉ የቤቱን ቁልፍ በክር አስረው ከበሩ ጀርባ፣ ከደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ በኩል ያንጠለጥሉታል፤ ማንም እንግዳ እጁን አስገብቶ፣ ክሩን ስቦ፣ ከፍቶ ይገባል። የቶተንሃሙ በር እንዲህ ያለ ቀዳዳ እንኳ የለውም፤ ቃሉ ግን ቀረ። ሰው ለመግባት ወይም ለመናገር ሲያመነታ ካዩ «ቁልፉ ክር ላይ ነው» ይላሉ።

«ኮሚቴው ፊት እንቅረብ» አልኳቸው። «እርስዎ ይናገሩ፤ እኔ አንዲት ቃል ሳልጥል እተረጉማለሁ።»

«አታለሳልሺም?»

«አላለሳልስም።»

ስብሰባው በሚፈርሰው ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። ማርጋሬት ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል እንዲሆን እንጂ ለማሳነስ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳች። እትዬ ብርቅነሽ እስክትጨርስ ጠበቁና ቆሙ።

«እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራቱንም ኩፍኝ ያዛቸው» አሉ። «አንድ አልጋ ነበረን፤ ባንድ አልጋ አስተኛኋቸው። ኩፍኙ ነጥቡን ለአራቱም እኩል አደላቸው። የእኔ ነው፣ የሰው ነው ብሎ አልመረጠም። ከዚያ ሌላ ነጠብጣብ ቤቴ አልገባም፤ ከሞትኩ በኋላም ግድግዳ ላይ አይገባም። የማይሆን ከሆነ ስማችንን አውጡትና ሰሌዳውን ለሌላ ስጡት።»

እንዳለ ተረጎምኩት። አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌሎቹም። ማርጋሬት አልሳቀችም። ወረቀቷን አጠፈችና፣ «የእኔም ሁለተኛ ልጄ የማደጎ ናት» አለች። «በእኛ ሰሌዳ ላይ ነጠብጣብ ሠርቼላታለሁ። ምን እንደሚሰማት አልጠየቅኋትም።» ሥርዓቱ ለሁሉም ቤተሰብ ተሻረ።

ኬኒንግተንን ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ውስጥ ራሂማ የምትባል የባንግላዴሽ ሴት ከቤተሰቧ ጋር ትኖር ነበር፤ እሷም ለቃ ልትወጣ ዕቃዋን በካርቶን አሽጋለች። እትዬ ብርቅነሽ ድፎ ዳቦ ይዘው ነው የሄዱት፤ «ባዶ እጄን ገብቼበት አላውቅም» ይላሉ ስለዚያ ቤት፤ የገቡበት ቀን ግን ከአንድ ጠርሙስ ማር በቀር ምንም እንዳልያዙ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። መቃኑን መታ መታ አድርገው ገቡ። ወንዶቹ እንግዶች የሚተኙበትን ኮሪደር፣ ሴቶቹ የሚተኙበትን ሳሎን፣ ልጆቹ በቁርስ ሰዓት የሚሰለፉበትን መታጠቢያ ቤት አሳዩኝ። ኩሽናው ውስጥ ራሂማ ሻይ አፈላችልን።

«ማር እንዳላት ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁ። ራሂማ አንድ ካርቶን ፈትታ ተገልብጦ የሚቆም የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፤ የሱፐርማርኬት ማር ነው። ለሻያቸው መሰለኝ። እትዬ ብርቅነሽ ግን አውራ ጣታቸው ላይ ጨመቁት፤ በዛባቸው።

«ነይ» አሉኝ።

«ምን?»

«ነይ ነው የምልሽ።»

«እትዬ፣ ሰው ቤት እኮ ነን። ደግሞ አርባ ዓመት አልፎኛል።»

«ዕድሜሽን መች ጠየቅሁሽ? ቶሎ በይ፤ እየፈሰሰ ነው፤ የሰው ወለል ልናበላሽ ነው።»

ላስኩ። ማሩ ከጣፋጭነቱ ይልቅ የፕላስቲክ ጣዕም ነበረው። እሳቸው «ልጄ ነሽ» አሉና ጣታቸውን በወረቀት ጠረጉ፤ ወዲያው ራሂማን አዲስ ቤት አግኝታ እንደሆነ እንድጠይቃት አዘዙኝ። እኔ ጥያቄውን ሳልተረጉም አፌን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ። ራሂማ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችና ተጨማሪ ሻይ ቀዳችልኝ።

በአውቶቡስ ስንመለስ፣ «ለልጆቹ ይነግሯቸዋል?» አልኳቸው።

«እኔ ልንገር ወይስ አንቺ? አፉ ያንቺ ነው» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አልተናገርኩም። ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በምጽፈው ታሪክ ውስጥ ራሴን ማስገባት ጸሐፊ የማያደርገው ነገር ነው። ደግሞም ሰው ምን ይላል? አሮጊቷን ለብቻዋ አግኝታ፣ ቤት ለቤት ስታዞራት ከርማ፣ በስተርጅና ልጅ ነኝ አለች። የቶተንሃሙ ቤት ላይ ዓይኗን ጥላ ነው ቢሉ ምን እመልሳለሁ? አራቱ በእኩልነት የኖሩበትን ቤት አምስተኛ ሆኜ ማወክ አልፈለግሁም።

የዘር ሐረጉን ንድፍ እትዬ ብርቅነሽ በገዛ እጃቸው ሠሩት። ከላይ እሳቸውና ጋሽ ወርቁ፣ ከሥር አራት ደፍን መስመሮች። ግን አራቱን ሁሉ ወደ ግራ ጠጋ አድርገው፣ ቀኙን ባዶ ትተውታል። ይህ ዓይኔን ወጋኝ። ማርጋሬት ሳታርም እንዳለ ልትገለብጠው ስለሆነ፣ መስመሮቹ መሀል ላይ ተስተካክለው እንዲቀመጡ መልእክት ላክሁላት። እሺ አለች። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ብርቅነሽ ሆስፒታል ገቡ፤ ስለ ንድፉ ዳግም አላነሣንም።

ለቅሶው ቶተንሃም ቤታቸው ነበር። ሰው ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጧል፤ ከነዚያ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ያን ክር የሳቡ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሴትዮ ዓይኔን አይተው፣ «ምንሽ ናቸው?» አሉኝ።

«ታሪካቸውን የጻፍኩት ነኝ።»

«እሱንስ ሰማን። ምንሽ ናቸው ነው የምልሽ።»

ተነሥቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ሰሌዳዎቹ የተገለጡ ቀን አሮጌው ሕንፃ የለም፤ ከቦታው አዳራሹ ያልያዘው ገና የታጠረ ጉድጓድ ነው። አዲሱ አዳራሽ የቀለም ሽታው ገና አልወጣለትም። ዳዊት ሱፉን ለብሶ ጽሑፉን ለተሰብሳቢው አነበበ፤ ሦስቱን ቤቶች፣ ክሩን፣ ኮሪደሩን። አንድም ቃል አልሳተም። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። አራቱ መስመሮች ዛሬም ወደ ግራ ናቸው፤ ቀኙ ባዶ ነው።

«ነግሬያት ነበር» አልኩ ለሳባ። «መሀል አድርጊው ብዬ ጽፌላታለሁ። እሺም ብላኝ ነበር።»

«እማዬ ናት እኮ» አለች ሳባ። «ሆስፒታል ሆና ለማርጋሬት ደውዪ አለችኝ። ቀኙን እንዳትነካው በያት አለች። ለማን ነው የሚተወው ስላት 'እሷ ታውቃለች' አለችኝ። ማርጋሬትን መስሎኝ ጠየቅኋት፤ ምንም አታውቅም።»

ወደ ሰሌዳው ቀረብኩ። ያን ባዶ ቦታ ሳስተካክል፣ ሳርም፣ መሀል ሳደርግ የነበርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው መለሱት።

«ሳባ» አልኩ፤ ሌላው ቃል አልወጣ አለኝ።

«ቁልፉ ክር ላይ ነው» አለች፤ በእናቷ ድምፅ።

«ማር ልሻለሁ። እዚህ፣ ሕንፃው ሳይፈርስ፣ ራሂማ ኩሽና ውስጥ።»

ሳባ አየችኝ፤ ባዶውን ቦታ አየች፤ እንደገና እኔን አየች። ዓይኗ ሞላ፤ ግን አላለቀሰችም። ዞር ብላ ትልልቆቹን ወንድሞቿንና እኅቷን በእጇ ጠራቻቸው፤ ከዚያ በአዳራሹ ጥግ ጠረጴዛ ላይ የተከመሩትን የሻይ ኩባያዎች አሳየችኝ።

«ዕድሜ ልኬን 'ትንሿ አንቺ ነሽ፣ እጠቢ' ሲሉኝ ነው የኖርኩት» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ትንሿ እኔ አይደለሁም።»

ካፖርቴን አውልቄ ሰጠኋት። እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ኩባያዎቹ ሄድኩ።